የባለወፍጮው ሚስት ክንድ

ወጌሻዋን መንገድ ላይ ደፍራ ሰላም የምትላት ሴት የለችም። ጠልተዋት እንዳይመስላችሁ። ምላሷ ትንሽ ይሾላል እንጂ በሰው ላይ ተንኮል ሠርታ አታውቅም። ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ መንደር አንዲት ባለትዳር ከእሷ ጋር ቆማ ስታወራ ከታየች አለቀላት፤ ወሬው ቀድሟት ቤቷ ይገባል። «እገሊትን ባሏ ምን አድርጓት ይሆን?» ይባላል። ባልየውም ይሰማል። ሲሰማ ደግሞ «የቤቴን ገመና ልታወጪ ሄድሽ?» ብሎ በስብራቱ ላይ ሌላ ስብራት ይጨምራል። ስለዚህ ሴቶቹ ወጌሻዋን ከሩቅ ሲያዩ ሻሻቸውን እንደገና ማሰር ይጀምራሉ፣ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር የገባ ያስመስላሉ፤ አንዳንዷማ ጭራሽ መንገድ ትቀይራለች። ክንዳቸውን፣ ጣታቸውን፣ የአንገት አጥንታቸውን ይዛ ያቃናችላቸው ሴት ስታልፍ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«እሷ እንደሆነች ለምዳዋለች» ይላል የመንደሩ ሰው። ኧረ ወዲያ! እንዲህ ያለ ነገር ማን ይለምዳል?

ቤቷ ከመንደሩ ጫፍ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ጉብታ ሥር ነው። አንድ ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሰሃን። በመስኮቱ በኩል ዝቅ ያለች አግዳሚ አለች፤ የተሰበረ ክንድ የሚጋደመው እሷ ላይ ነው። ከአግዳሚዋ ሥር ሳስተው የተፋቁ የቀርከሃ ስንጥሮች፣ ከአሮጌ አንሶላ ተቀደው የተጠቀለሉ ማሰሪያዎች፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት። ዘይቱን ሳታሞቅ ሰው አትነካም። ወንዶችም ይመጣሉ፤ ከጣሪያ የወደቀ፣ በሬ የረገጠው፣ ግንድ የተጫነው። እነሱ በፊት ለፊት በር እየጮኹ ይገባሉ፣ ሲድኑም ለአገር ያወራሉ። ሴቶቹ ግን ክንዳቸውን በልብስ ሸፍነው፣ እንጨት ለቀማ የሚሄዱ መስለው በጓሮ ነው የሚመጡት። አሟት ታውቅ እንደሆነ፣ በልታ ታድር እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። አሟቸው መጥተው፣ ተሽሏቸው ይሄዳሉ፤ በቃ።

ወጌሻ ሆና አልተወለደችም። በሃያ ሁለት ዓመቷ የጋሪ ነጂ ሚስት ነበረች። አንድ ቀን ምሳ ዘገየ ተብሎ ግራ ክንዷ ተጠመዘዘ። ምሳ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምንም አይደለም። የዚያን ጊዜ የመንደሩ ወጌሻ አክስቷ ነበረች። ክንዷን አቅፋ ሄደች። አክስቷ «እንዴት ነው የተሰበረው?» ስትላት፣ ልጅነትም ነው፣ አፈረችና «ወንዝ ዳር አንሸራቶኝ ወደቅኩ» አለች። አክስቷም እንደ ወደቀ ሰው አቃናችላት። የወደቀ ሰው አጥንት ቀጥ ተደርጎ ይሳባል፤ የተጠመዘዘ ግን በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ እየዞረ ነው ቦታው የሚገባው። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ የግራ መዳፏ ወደ ላይ አይገለበጥም። አክስቷ እውነቱን የሰማች ዕለት በጋሪ ነጂው አይደለም የተናደደችው። «ሥራዬን አበላሸሽብኝ! የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ!» ብላ በእሷ ላይ ጮኸች። ጮኻ ስታበቃ ተቀምጣ አለቀሰች። ጋሪ ነጂው «ጠማማ እጅ ምን ይረባኛል» ብሎ ሌላ ሲያገባ፣ አክስቷ ወደ ራሷ ቤት ወስዳ ሙያውን አስተማረቻት።

ሁለት ነገር አጥብቃ ነገረቻት። እንዴት እንደተሰበረ ሳትጠይቂ አጥንት አትንኪ። የሰማሽውን ደግሞ ሆድ ይፍጀው።

አክስቷ ከሞተች በኋላ ሁለቱንም ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቃለች። ሴቶቹ የሚያምኗትም ለዚሁ ነው። የአናጢውን ሚስት ሦስት ጊዜ አቃንታታለች፤ ሁለቴ ክንዷን፣ አንዴ ጣቶቿን። ሦስቱንም ጊዜ እውነቱን ነግራት «አደራ እትዬ» ብላታለች፣ አደራውም ተጠብቋል። በአራተኛው ጊዜ የተጠሩት መቃብር ቆፋሪዎቹ ነበሩ። በቀብሩ ላይ «ከደረጃ ወድቃ ነው» ተባለ። የአናጢው ቤት እኮ ደረጃ የለውም! እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ያንን ቤት ያውቀዋል፤ ትንፍሽ ያለ ግን አልነበረም። ወጌሻዋም ከኋላ ቆማ ጭጭ አለች። ያ ጭጭ ማለቷ እንደ እሾህ ውስጧ ቀረ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሠራም ስትቀመጥም ይወጋት ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ፣ በደረቁ ወር፣ ቀትር ላይ፣ ልብስ አጣቢዋ ልጇን ደግፋ በጓሮ ገባች። አጣቢዋ ባል የሞተባት፣ የሰው አንሶላ ስትዘፈዝፍ የኖረች፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ባለወፍጮው ልጇን ለትዳር ሲጠይቃት ሎተሪ የወጣላት ነው የመሰላት። ማን ቢሆን አይመስለው? በአካባቢው ያለው ወፍጮ የእሱ ብቻ ነው። ዱቄት የሚበላ ሁሉ በእሱ በር ያልፋል፣ የሚያልፈውም ጎንበስ ብሎ ነው። ባለወፍጮው ከሰው ጋር ሲጣላ አይሳደብም፣ አይደባደብም። ያ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሲመጣ «ውይ፣ የወፍጮው ቀበቶ ተበጠሰ» ይላል። ከኋላው ለተሰለፈው ቀበቶው ወዲያው ይቀጠላል።

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። ወጌሻዋ ክንዷን አግዳሚዋ ላይ አስተኝታ ዘይቱን አሞቀች።

«እንዴት ነው የተሰበረው የኔ ልጅ?»

«ወድቄ ነው፣ እትዬ።»

«የት?»

«በር ላይ። እርጥብ ነበር።»

«ዝናብ ካየን እኮ ወር ሊሆነን ነው።»

«ውሃ ፈስሶ ነበር።»

«ንገሪያት እንጂ ልጄ!» አለች እናትየው።

«ወድቄ ነው አልኩ እኮ እማዬ!»

ወጌሻዋ ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ፈለገች። የወደቀ ሰው መሬቱን ቀድሞ የሚያገኘው በመዳፉ ነው፤ የሚሰበረውም አንጓው አካባቢ ነው። ይህኛው መሃል ክንድ ላይ ነው፣ ያውም ዞሯል። ጣቶቿ የገዛ ክንዷን ያገኙ መሰላቸው። ደነገጠች። እንደ ቃሏ ልሳበው ወይስ እንደ ጣቴ ላዙረው? በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከሰው ቃል ወጥታ አታውቅም። ቃሉ ደግሞ ውሸት ነው። ከተሳሳተች ይህች ለጋ ልጅ እንደሷ ጠማማ ሆና ልትቀር ነው። ጣቷን አምና አዞረችው። ልጅቷ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ተንሰቀሰቀች፤ አጥንቱ ግን ቀስ ብሎ ቦታው ገባ።

ስንጥሮቹን አስራ ስትጨርስ እናትየው ውሃ ልታመጣ ወጣች። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

«እትዬ፣ እዚህ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

«ብቻዬን ነው።»

«አይፈሩም?»

«ለምጄዋለሁ» አለች ወጌሻዋ። እንግዲህ በዚያ ቀን የዋሸችው ልጅቷ ብቻ አልነበረችም።

ልጅቷ ወደ ባሏ ቤት አልተመለሰችም፣ እናቷ ዘንድ ቀረች። ባለወፍጮው ሁለት ሳምንት ጠበቀና ሽማግሌ ሰበሰበ። የመንደሩ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሴቲቱ ያለ ምክንያት ከቤቷ ወጥታ ከሆነ በዚያው ቀን ትመለሳለች፣ ባልየው አጥንት ሰብሮ ከሆነ ግን ትዳሩ ይፈርሳል። ወድቄ ነው ካለች ምክንያት የላትም፣ ትመለሳለች።

በዋዜማው አጣቢዋ መጣች። በጓሮ አይደለም፣ በፊት ለፊት በር ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ነገ መጥተው ይናገሩልኝ። እሷ ፈርታ አፏ ተሳስሯል። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እኔ የሰው ገመና አላወጣም። ታውቂያለሽ።»

«እህሌን ይዤ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቀበቶው ተበጠሰ። እሱስ ግድ የለም፣ ቆሎ እየቆረጠምን እንኖራለን። ልጄን ግን ከመለሷት ይገድላታል። የአናጢውን ሚስት ረሷት እንዴ?»

ምን በወጣት ትረሳለች! ነገ አፏን ከከፈተች ሴት የሚባል በጓሮዋ ዝር እንደማይል አላጣችውም። ምስጢር የማትጠብቅ ወጌሻ ዘንድ ማን ይመጣል? ያችኑ ፈርታ፣ ተሸፍና የምትመጣውንም ሰው ልታጣት ነው። ሰው የምትነካው እኮ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግን «እመጣለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በባለወፍጮው ግቢ፣ በባለወፍጮው ወንበር፣ በባለወፍጮው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የአራቱም እህል በዚያ ጠዋት ሳይሰለፍ ተፈጭቷል። ሰብሳቢውን መንደሩ «አባ ይለፍ» ይለዋል፤ መሬት የተነጠቀም፣ ጥርስ የረገፈም እሱ ፊት ሲመጣ «በቃ፣ ይለፍ» ነው መልሱ። ባለወፍጮው ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ቤቴ ክፍት ነው፣ ሚስቴን ከነጥፋቷ እወዳታለሁ» አለ። ከነጥፋቷ! ልጅቷ የታሰረ ክንዷን ደረቷ ላይ አቅፋ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች።

ወጌሻዋ ተነሳች። በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

«ይህ ክንድ በመውደቅ አልተሰበረም» አለች። «ተጠምዝዞ ነው። ሰው ደግሞ የገዛ ክንዱን አይጠመዝዝም።»

ባለወፍጮው ሳቅ አለና «እትዬ፣ መቼ ዶክተር ሆኑብን?» አለ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ አብረውት ሳቁ።

«ሴትየዋ ራሷ ምን ትላለች?» አለ አባ ይለፍ። «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱም አያት።

«ወድቄ ነው» አለች።

እናትየው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አባ ይለፍ እፎይ ብሎ «እንግዲያው ይለፍ። ተነሺ ወደ ቤትሽ» አለ። ባለወፍጮው የልጅቷን ጫማ ሊያመጣላት ጎንበስ አለ፤ እንዲህ ያለ አሳቢ ባል ነው።

ወጌሻዋ መሃል ላይ እንደ ቆመች ቀረች። ደሟ ፈላ። ከዚያ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለላት፣ ሳታመነታም ተናገረችው።

«ቆዩ» አለች። «ወድቃ ከሆነ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።»

«ምኑን?» አለ አባ ይለፍ።

«እኔ ያቃናሁት እንደ ተጠመዘዘ ነው። ከወደቀች እንግዲህ ያለ ቦታው ነው ያሰርኩት። እንደዚህ ከደረቀ አካለ ስንኩል ሆና ትቀራለች። ፈትቼ፣ እንደገና ሰብሬ መግጠም አለብኝ። አሁኑኑ፣ እዚሁ።»

ከልጅቷ ፊት ተንበረከከችና የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታች። ልጅቷ በድንጋጤ ደርቃ ታያታለች። ሁለተኛውን ፈታች። ስንጥሮቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቁ።

«ይህ ብቻዬን አይሆንልኝም» አለች ወጌሻዋ ዞር ብላ። «ባል አይደለህ? ና፣ ክንዷን ያዝልኝ።»

ባለወፍጮው ምን ገዶት! ሽማግሌ እያየው ለሚስቱ አሳቢ መሆኑን ሊያሳይ ነው። ጫማውን አስቀምጦ መጣና ክንዷን ያዘ። እጁ ሌላ ቦታ አላወቀም፤ ያን ጊዜ የያዘበት ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

ልጅቷ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። «አትንካኝ! እሱ ነው! እሱ ነው የጠመዘዘኝ! ሊሰብረኝ ነው፣ እንደዚያን ቀን ሊሰብረኝ ነው! እማዬ!» ባለወፍጮው እሳት እንደ ነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። «እኔ... እኔ ምን አደረግኳት?» አለ፣ የሚሰማው ግን አልነበረም። ወፍጮው ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተዋል። አባ ይለፍም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ይለፍ ማለት አቃተው።

ትዳሩ እዚያው ፈረሰ። እሰይ!

ወጌሻዋ ግን እሰይ አላለችም። ስንጥሮቹን ከመሬት ሰብስባ መልሳ ልታስርላት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አንቺም አትንኪኝ» አለቻት። አንቺ ነው ያለቻት።

«አልሰብርሽም የኔ ልጅ። ከመጀመሪያውም አልሰብርሽም ነበር። ቀጥ ብሎ ገጥሟል እኮ፣ እኔ ላስፈራራሽ...»

ላስፈራራሽ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። ልጅቷ በእናቷ ደረት ተደብቃ ትንቀጠቀጣለች። እናትየው ስንጥሮቹን ከወጌሻዋ እጅ ተቀበለችና እንደ ነገሩ አሰረችላት። ወጌሻዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። እኔ ላድናት ነው፣ እሱ ሊጎዳት። እኔ የውሸቴን ነው፣ እሱ የእውነቱን። ወጌሻዋ ልክ ናት፤ ይህን የማወራላችሁ እኔም ልክ ናት እላለሁ። ግን ያች ልጅ ሁለት ጊዜ «ሊሰብሩኝ ነው» ብላ ፈርታለች፤ አንደኛው በባሏ እጅ፣ ሁለተኛው በወጌሻዋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ፈራችው ነው። ጓሮው ጭር አለ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ተደገመ፤ አንዲት ሴት አልመጣችም። ሰው መሰበር አቁሞ አይደለም። ጋጋሪዋን ጣቷ ተጣሞ ዳቦ ስትሸጥ አይታታለች፤ ጠጋ ስትል ጋጋሪዋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ወጌሻዋ ራሷ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ቀበቶው ተበጠሰ። እህሏን ቀቅላ ትበላ ጀመር። ጠዋት ተነስታ ቀርከሃ ትፍቃለች፤ የምታስርበት ክንድ የለም፣ ግን ትፍቃለች። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሳታወጣ ውላ፣ ማታ ላይ መናገር እንዳልረሳች ለማየት ያህል «እህ» ትላለች።

ስንጥር የሚፈታው በአርባ ቀን ነው። በአርባኛው ቀን ቤቷን ጠረገች፣ ዘይቱን አሞቀች፣ ፊት ለፊት ያለውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች። ዘይቱ በረደ። እንደገና አሞቀችው። ሦስተኛ ጊዜ ልታሞቀው ስትነሳ አጣቢዋ ብቻዋን መጣች።

«ልጅቷስ?»

አጣቢዋ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። «እትዬ፣ አይቀየሙን። በምላጭ ቀድጄ ራሴ ፈታሁላት።»

«በምላጭ! ዘይት ሳትቀቢ? ክንዷ ደህና ነው? ጣቶቿን ታጥፋለች?»

«ደህና ነው። ቀጥ ብሏል።» አጣቢዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ውለታዎን አልረሳሁትም፣ ሞቼም አልረሳው። ግን እርስዎን ትፈራዎታለች። ስምዎ ሲነሳ ክንዷን ትይዛለች። ምን ላድርጋት?»

«ምንም አታድርጊያት» አለች ወጌሻዋ። «ተያት። ትተወዋለች።»

ሌላ ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ወጌሻዋ እንስራዋን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ስትወርድ ልጅቷን አየቻት። ብቻዋን ናት። በሁለት እጇ ገመድ እየሳበች ነው፤ ሙሉ ባልዲ፣ ከባድ። የተሰበረው ክንድ ይሳባል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ይሳባል። ቀጥ ያለ ነው። መዳፉም ይገለበጣል፤ ባልዲውን ከሥር ደግፋ ስታወጣው አየች። ወጌሻዋ ያን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም። ራሷን ረሳች። ልጅ እንዳየች እናት ፊቷ በርቶ፣ እጇን ዘርግታ፣ «እስቲ ልየው የኔ ልጅ፣ እስቲ ልየው» እያለች ቁልቁለቱን ሮጠች።

ልጅቷ ቀና አለች። ገመዱ ከእጇ አመለጠ፣ ባልዲውም እየተጋጨ ተመልሶ ገባ። ክንዷን ከኋላዋ ደብቃ፣ ጀርባዋ የጉድጓዱን ከንፈር እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ሸሸች።

ወጌሻዋ ቆመች። «አልነካሽም» አለች። «በጉድጓዱ ተጠንቀቂ እንጂ። እኔ ሄጃለሁ፣ ይኸው።» እጆቿን ጎኖቿ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ልጅቷ ከጉድጓዱ ላይ ራቅ ስትል ብቻ ነው ዞራ ዳገቱን የወጣችው። እንስራው ባዶ ነበር፤ ያን ቀን ያለ ውሃ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ውሃ የምትቀዳው በቀትር ነው፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ልጅቷ በማትመጣበት ሰዓት።